ቁልፍ የሌለበት ሚስማር

ጥቅምት 4

ማክሰኞ። ዝናብ ነው፣ ሰውም የለም ማለት ይቻላል።

የሮሙ ሙዚየም ሦስተኛ አዳራሽ፣ ከበሩ በስተግራ ያለው ወንበር የኔ ነው። ሥራዬ መቀመጥ። ቁጭ ብሎ ማየት። ሰው ሥዕል እንዳይነካ፣ ቦርሳውን እንዳያስጠጋ፣ ልጆች እንዳይሮጡ። ተቀያሪ ካልመጣ ከአዳራሹ መውጣት የለም። ሽንት ቤት እንኳ በሬዲዮ ለምኜ ነው የምሄደው። ዛሬ ብቻዬን ሳስበው ሳቄ መጣ። ከተቆለፈ ቤት አመለጥኩ ብዬ ወንበር ላይ ታሰርኩ! ግን ልዩነት አለው። እዚህ በሩ ወለል ብሎ ይታየኛል። ሲመሽ ደግሞ ወጥቼ ኤስኲሊኖ ሰፈር የጓደኛዬ ማርቲ ክፍል ሄጄ ታጣፊ አልጋዬን እዘረጋለሁ። ስፈልግ ደረጃ ወርጄ ውጭ እቆማለሁ። ማንንም አላስፈቅድም።

ሥዕሎቹ የአንዲት የጆርጂያ ሰዓሊ ናቸው። ማክቫላ ደቫዜ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ከወጣትነት እስከ ዛሬ የሠሩትን ሰብስበው ነው ያሳዩላቸው፣ አራት አዳራሽ ሙሉ። ጆርጂያ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። ማርቲ በስልኳ ካርታ አሳየችኝ። «እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸው» አለችኝ፣ ዘመድ ያገኘችልኝ ይመስል።

ኮንትራቴ እስከ ኅዳር 10 ነው። የቀጠረኝ ኮፔራቲቫ ካፖ፣ አለቃችን ማውሮ፣ «ምንም ችግር ካልተፈጠረ ኮፔራቲቫው ያስቀጥልሻል፣ ቋሚም ልትሆኚ ትችያለሽ» ብሎኛል። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጥር ላይ ያልቃል። ኮንትራቶ ከሌለ እድሳት የለም። ስለዚህ ምንም ችግር መፈጠር የለበትም። ምንም።

ጥቅምት 7

ዶናቴላ ደወለች። አላነሳም ብዬ ነበር... አነሳሁ።

«ማማ አንቺን እየጠራች ነው። የማመጣላትን ሴት ሁሉ ታባርራለች። ተመለሺ፣ ኮንትራቶውን ዛሬ እፈርማለሁ።»

የሲኞራ ፍራንካ ልጅ ናት። ሲኞራ ፍራንካን ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ፣ ፊሳ ሆኜ፣ እዚያው እያደርኩ። መርሳት ስለጀመራቸው ወጥተው እንዳይጠፉ ዶናቴላ ጠዋት መጥታ፣ አስቤዛውን አስቀምጣ፣ በሩን ከውጭ ቆልፋ ቁልፉን ይዛው ትሄዳለች። እኔም እውስጥ። እሑድ ከሰዓት ብቻ ነው የሚከፈትልኝ። «ለማማ ደህንነት ነው» ትላለች። የኔስ ደህንነት? አንድ ቀን ጋዝ ሸተተኝ። ዘጋሁት፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ምንም አልሆንንም። ግን አራተኛ ፎቅ ነው። መስኮቱ ላይ ቆሜ ታች ያለውን መንገድ ሳይ... ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ተበላሸ። ነሐሴ ላይ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።

«አስብበታለሁ» አልኳት።

ምኑን ነው የማስበው? አፌን በቆረጠው!

ጥቅምት 11

ዛሬ አንድ ነገር ገባኝና ከወንበሬ ተነሳሁ።

በአዳራሼ ያሉት ሥዕሎች ሁሉ ማድ ቤት ናቸው። አስራ ምናምን ማድ ቤት። መጀመሪያ አልወደድኳቸውም። ማድ ቤት ለማየት ምን ትኬት ያስቆርጣል? ዛሬ ጠጋ ብዬ አየሁ። ፍሪጁ ላይ የመድኃኒት ሳጥን አለ፣ በቀን በቀን የተከፋፈለው። በወንበሩ መደገፊያ ላይ የአዋቂ ዳይፐር ጥቅል። ከጠረጴዛው ሥር የታጠፈ አልጋ። ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይ ሚስማር... ምንም ያልተሰቀለበት። ይሄን ክፍል አውቀዋለሁ! ይሄ የፊሳ ክፍል ነው። እኒህ ሴትዮ አሮጊት ጠብቀዋል። የዳይፐሩን ጥቅል የት እንደሚያስቀምጡት ያልጠበቀ ሰው ከየት ያመጣዋል?

ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የሕይወት ታሪካቸውን እንደገና አነበብኩ። «ለብዙ ዓመታት በሮም ኖረዋል» ይላል። ምን እየሠሩ እንደኖሩ የለም።

ሚስማሩ ሁሉም ሥዕል ላይ አለ። ሁሉም ላይ ባዶ።

ጥቅምት 13

ምንም። ሦስት የትምህርት ቤት ቡድን። እግሬ አበጠ፣ መቀመጥም ያሳብጣል ለካ።

ጥቅምት 19

ከሥራ በፊት ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ በርበሬ ልገዛ ገብቼ እማማ አብረኸትን አገኘኋቸው። ሮም ስገባ ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው። አርባ ዓመት የሰው ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። አሁንም ግን ምስር የሚገዙት ሦስት ሱቅ አነጻጽረው ነው።

«የት ነው ያለሽው ልጄ? ጠፋሽ።»

ነገርኳቸው። ስለ ጊዮርጊሱም ነገርኳቸው፣ ለምን እንደሁ እንጃ። አዳራሼ ውስጥ አንድ የተለየ ሥዕል አለ። እንጨት ላይ ነው የተሳለው፣ አሮጌ የጠረጴዛ ፊት ላይ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ማድ ቤት ገብቶ በምድጃውና በፍሪጁ መሃል ቆሟል። ፈረሱ ክፍሉን ሞልቶታል፣ ጭራው ከመታጠቢያው ገንዳ ላይ ያለውን ሰሃን ሊጥል ነው። ጠዋት ጠዋት ስገባ ከሩቅ እጅ እነሳዋለሁ። ሰው ሳያየኝ።

«ጊዮርጊስዬ ማድ ቤት ምን ይሠራል?»

«እንጃ እማማ። ዘንዶው የለም። ብቻውን ነው።»

«እሑድ ሃያ ሦስት ነው አይደል? በዓሉ ነው። ከቅዳሴ መልስ እመጣለሁ» አሉ።

በፈረንጆቹ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው፣ መግቢያው ነፃ። ደስ አለኝ። እዚያ መንካት ክልክል ነው አላልኳቸውም። ማን ደፍሮ ለእማማ አብረኸት እንዲህ ይላል?

ጥቅምት 23

አልቅሼ አላበቃሁም። ግን ልጻፈው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ሮጥ ብዬ «እማማ፣ ጫማ አይወለቅም እዚህ» አልኳቸው በጆሯቸው። «እሱ ባለበት?» ብለው ጫማቸውን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። አማተቡ። አንገታቸውን ሰበሩ። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ።

ምን ሊያደርጉ እንደሆነ አውቄያለሁ። አሁንም አውቃለሁ፣ ያኔም አውቄያለሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «እማማ፣ ይቅርብዎ» ማለት። በበዓሉ ቀን፣ ከቅዳሴ ወጥተው፣ ጫማቸውን ለኔ ሰጥተው... ጊዮርጊስን አይሳለሙ ልበላቸው?

ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አላርሙ ጮኸ። ስዞር ከንፈራቸው የፈረሱ እግር ላይ ነው። ተሳልመው፣ ግንባራቸውን አስነክተው፣ እንደገና ተሳልመው። ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አንዱ ይስቃል። ማውሮ እየሮጠ መጣ፣ «ኬ ሱቼዴ? ኬ ሱቼዴ?» ምን ተፈጠረ? እያለ። እማማ ደንግጠው ክንዴን ያዙ።

«ምን አጠፋሁ ልጄ?»

«ምንም እማማ። ምንም አላጠፉም።»

ለከንፈራቸው ድርቀት ቫዝሊን ይቀባሉ። ሰኮናው ላይ የከንፈር ቅርጽ ቀረ፣ ሲያብረቀርቅ። ማውሮ አየው፣ እኔም አየሁት። ጫማቸው እስከዚያች ሰዓት ድረስ እጄ ላይ ነበር።

ጥቅምት 24

ሰኞ። ዝግ ነው። ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ጣራ ሳይ ዋልኩ። ማርቲ «ማ ሴይ ፓትሳ? አብደሻል? አንድ ቃል ተናግረሽ ማስቆም እየቻልሽ!» አለችኝ። እዚህ ነው ያደገችው፣ እውነቷን ነው። ትንሽ ቆይታ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች። «እኔም ብሆን አልላቸውም ነበር» አለች።

ጥቅምት 25

ማውሮ ቢሮ ጠርቶ ካሜራው የቀረጸውን አሳየኝ። ራሴን አየሁ። ሁለት ጫማ ታቅፌ ቆሜያለሁ፣ እማማ ያዩኛል፣ እኔ ወደ መስኮት እዞራለሁ።

«አሎራ፣ እታለም። እዚህ ጋ ዞርሽ። ለምን?»

በጣሊያንኛ ምን ብዬ ልመልስ? በአማርኛስ ምን ብዬ?

«ቅዱስ ነው» አልኩት።

«ሥዕል ነው» አለኝ።

ክፉ ሰው አይደለም። አልጮኸብኝም። «እኔ ሪፖርት ማድረግ አለብኝ፣ ኮፔራቲቫው ይወስናል። ሰዓሊዋም ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ይነገራቸዋል» አለ። ቅዳሜ። እስከዚያ ወንበሬ ላይ ነኝ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጊዮርጊስን ቀና ብዬ አላየሁትም። አፍሬ ይሁን ተቀይሜው እንጃ።

ጥቅምት 29

መጡ።

አጭር ሴትዮ፣ ወንድ የሚያደርገው ዓይነት ትልቅ ካፖርት፣ ከዘራ። ማውሮና ሌሎች ሁለት ሱፍ የለበሱ ሰዎች ከኋላቸው። በቀጥታ ወደ ጊዮርጊስ። ወንበሬ አጠገብ እጄን አጥፌ ቆምኩ።

«የቱ ጋ ሳመችው?» በጣሊያንኛ ነው፣ የኛ ዓይነት ጣሊያንኛ፣ ማድ ቤት የተማሩት።

ማውሮ አሳያቸው። ጎንበስ ብለው ቆዩ።

«እግሩን። ጥሩ። እናቴ ብትሆን ፊቱን ነበር የምታበላሽብኝ።» ከዚያ ወደ ማውሮ ዞሩ። ድምፃቸው ተቀየረ። «መስታወቱ የት አለ? ቤቴ እያለ መስታወት ነበረው። ለዚህ ብዬ ነው ያደረግኩለት። ማነው ያወለቀው?» ሱፍ ከለበሱት አንዱ ስለ መብራት ነጸብራቅ ማስረዳት ጀመረ። አላስጨረሱትም። «መልሱት!» ደስ አላላቸውም፣ ተቆጥተዋል። «ደግ ሠራሽ» ይሉኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ከነበረ... አላሉኝም። ሥዕሉ የሳቸው ነው፣ ልክ ናቸው።

ሰዎቹ ሲሄዱ እሳቸው ቀሩ። አዩኝ።

«ፊሳ ነበርሽ?»

«እንዴት አወቁ?»

«ስትቆሚ እጅሽን ታጥፊያለሽ።»

እግራቸው ስለደከመ ወንበሬን ሰጠኋቸው። ጠየቅኳቸው። ከሁለት ሳምንት በላይ ሆዴ ውስጥ የነበረውን።

«ሚስማሩ ለምን ባዶ ሆነ?»

«ቁልፍ የሚሰቀልበት ነው። ቁልፉን የአሮጊቷ ልጅ ይዞት ይሄድ ነበር። ስላልነበረ አልሳልኩትም።»

እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። በሮም ከተማ ከውጭ የሚቆለፍባት እኔ ብቻ መስሎኝ ለሰው አውርቼው አላውቅም። ለማርቲ እንኳ አፍሬ።

«ታዲያ እንዴት ወጡ?»

«አልወጣሁም። አሮጊቷ ሞተች።» ከዘራቸውን አሸት አሸት አደረጉ። «ከዚያ ሌላ ቤት ገባሁ። እንደዚያው። ከዚያ ሌላ። አንድ ቀን፣ አራተኛው ቤት ላይ፣ ደሞዙን ከመጠየቄ በፊት ቁልፉን ጠየቅኩ።»

«ሰጡዎት?»

«አባረሩኝ። የሚቀጥለውም አባረረኝ። ከዚያ አንዷ ሰጠችኝ። አራተኛው አዳራሽ ውስጥ አለ፣ አላየሽውም?»

አላየሁትም። ገና ሳይሰቀል ነው ያስጎበኙን፣ ከዚያ ወዲህ ከሠራተኛ በር ወደ ወንበሬ፣ ከወንበሬ ወደ ሠራተኛ በር። «ከአዳራሼ መውጣት አይፈቀድልኝም» አልኳቸው።

ሳቁ። ጥርሳቸው ጥቂት ነው። የመታወቂያ ካርዴን ከአንገቴ አውልቀው አንገታቸው ላይ አጠለቁት። «ሂጂ። እኔ እጠብቃለሁ።»

ሄድኩ። እየሮጥኩ ነው የሄድኩት። ያው ማድ ቤት ነው። ያው ፍሪጅ፣ ያው የመድኃኒት ሳጥን፣ ያው ታጣፊ አልጋ። አላማረም፣ አልሰፋም። ሚስማሩ ላይ ግን ቁልፍ አለ። በሩም ዝግ ነው! ቁልፉ እያለ በሩ ዝግ ነው። ለምን ከፍተው አልሳሉትም? ቆሜ ሳየው ቆየሁ።

ስመለስ አንድ ሰውዬን «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ አይነካም!» እያሉ ያባርራሉ። ሰውየው ማን እንደሆኑ አላወቀም። በሳምንቱ ውስጥ ዛሬ ገና ሳቅሁ።

ኅዳር 3

ከኮፔራቲቫው መጣ። ኮንትራቴ በአስር ያልቃል፣ አይቀጥልም። ማውሮ «ሞክሬ ነበር» አለኝ። አምነዋለሁ።

ጥር ቅርብ ነው። ያለ ኮንትራቶ ጥር... ሌላ ሥራ ጠየቅኩ፣ ጠየቅኩ፣ ማርቲም ጠየቀች። ያለው ፊሳ ብቻ ነው። የትም ብሄድ ያው በር።

ኅዳር 5

ዶናቴላን ቤቷ ሥር ያለው ባር አገኘኋት። ካፑቺኖ አዘዘችልኝ። ኮንትራቶውን ይዛ መጥታለች፣ እስክሪብቶም ጭምር። ከስታለች። ከእናቷ ጋር ራሷ ነው የምታድረው አሁን።

«ቁልፉን እፈልጋለሁ» አልኳት።

«የምን ቁልፍ?»

«የቤቱን። የራሴ ቁልፍ።»

«ማማ ከኪስሽ ሰርቃ ብትወጣስ? አንድ ጊዜ እኮ እስከ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሄዳለች! በሌሊት ልብስ!»

«አንገቴ ላይ አደርገዋለሁ።»

«እታለም፣ ኖ። ይሄን አትጠይቂኝ። ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂ።»

ሌላ የምፈልገው አልነበረኝም። ተነሳሁ። ካፑቺኖዬን ሳልቀምሰው። መንገዱን ተሻግሬ ትራም ማቆሚያው ጋ ስደርስ ቁጭ አልኩ።

ኅዳር 6

ምን አደረግኩ? እቴ ምን አደረግኩ? በሥዕል አምኜ ለሥራ ጀርባ ሰጠሁ! ሰዓሊዋ የተባረሩት ፔርሜሶ ኖሯቸው ይሆናል። ወይ አልነበራቸውም። ይሄን አልጠየቅኳቸውም።

ኅዳር 10

የመጨረሻ ቀኔ። ወንበሬን ለሌላ ልጅ አስረከብኩ። ጊዮርጊስ መስታወት ተደርጎለታል። ሰኮናው ጠርቷል፣ ቫዝሊኑ የለም። መስታወቱ ላይ ግን የጣት አሻራ... እዚህ ቤት የምትሳለም ሌላ ሰው አለች ማለት ነው። ወይም ልጆች ናቸው። እጅ ነሳሁት፣ ዛሬ ሰው እያየኝ።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ማርቲ ከፍታ «እትዬ፣ ላንቺ ነው» አለች። ዶናቴላ! ኤስኲሊኖ፣ እዚህ ደረጃ ላይ፣ ፀጉሯ ሳይበጠር። አድራሻውን ለኮንትራቶ ብላ ወስዳው ነበር።

አልገባም አለች። ቦርሳዋን ስትጎረጉር ቆየች።

«ትናንት ሥራ ልሄድ ቆልፌባት ወጣሁ። ለሁለት ሰዓት ብቻ። ስመለስ በሩን በሁለት እጇ እየደበደበች ነበር። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ። ‹ክፈቱልን፣ ክፈቱልን› ትላለች። ብቻዋን ሆና ‹ክፈቱልን› ነው የምትለው።»

ፊቷን አዞረች። እኔም አላየኋትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲኞራ በሩን ሲያዩ ልጃቸውን የሚጠብቁ ነበር የሚመስለኝ። አብረን ነበር የታሰርነው ለካ። አንድም ቀን እሳቸው እንደታሰሩ አስቤ አላውቅም።

መዳፌን ያዘችና ቁልፉን አስቀመጠችበት። አዲስ ነው፣ ዛሬ የተቀረጸ፣ ገና ጠርዙ ይቧጥጣል።

«ቫ ቤኔ? ተስማማን?» አለች።

«ቫ ቤኔ» አልኳት። ግን ወዲያው አልፈረምኩም። ሐሙስ ከሰዓትም የኔ ይሁን አልኳት። እሺ አለች። የዶናቴላን እሺ ስሰማ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ኅዳር 16

ጾም ትናንት ገብቷል። ሲኞራ ፍራንካ ቤት ነኝ። ያው ማድ ቤት፣ ያው ፍሪጅ፣ ያው ታጣፊ አልጋ። ምንም አላማረም። ማታ ማታ ጣራው ወደ ታች የሚወርድ ይመስለኛል፣ እንደ ድሮው። ያን ጊዜ አንገቴን እዳብሳለሁ። ቁልፉን ማተቤ ላይ ከመስቀሌ ጋር አስሬዋለሁ፣ ስራመድ ይጋጫሉ። ሲኞራ ድምፁን ለምደውታል። «መጣሽ?» ይላሉ ሳያዩኝ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ፀሐይ ወጣች። ካፖርታቸውን አለበስኳቸው፣ ጫማቸውን አሰርኩላቸው። «የት ነው?» አሉ። «እታች። ዳቦ እንገዛለን።» በሩን ከፈትኩት። ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ክንዴን ጨበጡ። ደረጃውን ያዩታል፣ እኔን ያዩኛል። እግራቸውን ያነሱና ይመልሱታል።

እኔስ? እኔም ቆሜያለሁ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ሆኖ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ዶናቴላ እስካሁን ልትጮህብኝ የምትመጣ መስሎኝ ወደ ሊፍቱ አያለሁ። ሰዓሊዋ በሩን ዘግተው ለምን እንደሳሉት አሁን ገባኝ መሰለኝ። መክፈት ለካ ከቁልፉ በኋላ የሚመጣ ሌላ ሥራ ነው።

«ፓውራ?» አሉኝ ሲኞራ። ፈራሽ? ብለው። እሳቸው ናቸው የጠየቁኝ።

«ትንሽ።»

«እኔም ትንሽ» አሉና ቀድመውኝ ወጡ።

ተከተልኳቸው። ቁልፉን ከአንገቴ ሳላወልቅ ጎንበስ ብዬ በሩን ቆለፍኩት። ከውጭ። ባዶ ቤት ቆልፈን ዳቦ ልንገዛ ወረድን።